ስፖኪዮዋ ብቻ ናት የጎደለቻት

ደላላ «ይቺ ብቻ ናት የጎደለቻት» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በቅርቡ ሰምቼ ደሜ ፈልቷል። የእህቴ ባል አሮጌ ኮሮላ ሊገዛ ደሴን ሲዞር ከርሞ፣ «ጋሼ፣ ሽበት ሲያዩ ዋጋ ይቀንሳሉ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ዋጋው ከነሽበቴ ንቅንቅ አላለም። መኪናዋ ታጥባለች፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቷል፣ ወንበሮቿም አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ገብቼ ተቀመጥኩና ቀና ስል፣ የውስጥ ስፖኪዮው መኖር ባለበት ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቡናማ የማስቲሽ ጠባሳ መስታወቱ ላይ ቀርታለች። ሌላ ነገር የለም። በቀኝ በኩል ደግሞ የጎን ስፖኪዮው ቤት አለ፣ መስታወቱ የለም።

«ስፖኪዮውስ?» አልኩት ደላላውን።

«አብሽር ጋሼ! እሷ ብቻ ናት የጎደለቻት። ሞተሩን ስማው እንጂ!»

ሞተሩን ሰማሁት። ደህና ሞተር ነው። ግን ሞተር ከኋላዬ የሚመጣውን አይሱዙ አይነግረኝም።

እኔን የሚያናድደኝ ድፍረቱ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ክንዱን አሳረፈ፣ ዋጋ ወጣ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፣ ከዚያ ወዲያማ የዛገ ኮሮላ ያለው ሁሉ የቅርስ ባለቤት ሆኖ አረፈው። «ከእንግዲህ እንዲህ ዓይነቷ አትገባም!» ይልሃል፣ በሩን ሲዘጋው እጀታው እጁ ላይ እየቀረ። ሰው ካጣ ምን ይመርጣል? ስፖኪዮ ጎደለ ብለህ ብታኩርፍ ከኋላህ የተሰለፈው ቀብድ ይዞ ነው የቆመው።

በደላላ ላይ የቆየ ቂም አለብኝ፣ አልደብቅም። አንድ ጊዜ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ልከራይ ሄጄ፣ ደላላው ሳሎኑን አሳየኝ፣ ጓዳውን አሳየኝ፣ መስኮቱን ከፍቶ የጦሳን ተራራ ሳይቀር የቤቱ አካል አስመስሎ አሳየኝ። «ውሃስ?» አልኩት። ወደ ግቢው ጥግ ወስዶ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ አሳየኝ። «መስመሩ ገብቷል፣ ቆጣሪው ተተክሏል፣ ውሃዋ ብቻ ናት የቀረችው» አለኝ። እኔም ኮሚሽኑን ስሰጠው «ገንዘቧ ብቻ ናት የቀረችው» ብለው ኖሮ ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ይባስ ብሎ ሰውዬው ፒያሳ ባገኘኝ ቁጥር አቅፎ ነው ሰላም የሚለኝ። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቃል፣ ስለ ከብቶቼ ይጠይቃል። ከብት የለኝም። ወሎ ውስጥ ቂም መያዝ ከባድ ነው፤ የበደለህ ሰው በሰላምታ ያደክምሃል፣ ከዚያ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» እና «እግዚአብሔር ይመስገን» በኋላ ስለ ውሃ ብታነሳ ነውረኛው አንተ ትሆናለህ።

ኮሮላዋ ተገዛች። ለጊዜው ስፖኪዮ አልነበራትምና የኋላ ማርሽ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ ስፖኪዮ ሆነ። ይህን ያላየ ደሴን አላየም። ገና መኪናው ዝቅ ሲል ሱቅ በር ላይ የተቀመጠው ይነሳል፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ ብሩሹን ይዞ ይነሳል፣ ለመንገዱ ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ከላይኛው ፎቅ አንገቱን ያወጣል። «ና ና ና! ስበር! ስበረው! አቅና! ና፣ ብዙ ቦታ አለህ፣ ና ና...» ከዚያ ጓ! የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ፣ ልብ በሉ፣ ከዚያ በኋላ፣ በአንድ አፍ «በቃ!» ይላሉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከተረት ሁሉ ይህን ነው የምወደው። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሁሉ ነገር ታውለው ነበር። ለቅሶ ቤት መጥቶ «ምነው ሐኪም ቤት በወሰዳችሁት ኖሮ» የሚል ሲገኝ፣ «ጅብ ከሄደ» ትልና ዝም ነው። ጎረቤቷ ከፍቺ በኋላ «እኔማ ድሮም ዓይኑ አላማረኝም» ስትል፣ «ጅብ ከሄደ» ትልና ቡናዋን ትቀዳለች። ቀሪውን አትጨርሰውም፤ ውሻነቱን ሰሚው ራሱ ይወስዳል። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ውሻው ያሳዝነኛል። ጅቡ በር ላይ ቆሞ መጮህ ያስፈራል፣ አንገት ያስበላል። አስተናባሪያችን ግን «በቃ!» የሚለውን ቃል ከሁለት ክንድ ቀደም አድርጎ ቢያወጣው ማን ይበላዋል? የሱቁ ሰውዬ እኮ የሚያስተናብረው ቀልቡ ስልኩ ላይ ሆኖ ነው።

ሌላው ጉድ ለቦሎ ቀን ነው። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ስፖኪዮ፣ ደህና ጎማና እሳት ማጥፊያ ከመኪና መኪና እንደ እድር ድስት ይዞራሉ። ጠዋት በአንዱ መኪና ያለፈችው ስፖኪዮ ከሰዓት በሌላው ታልፋለች። ማታ ለባለቤቷ ትመለሳለች። መኪናው ቦሎውን ለጥፎ፣ ስፖኪዮውን መልሶ፣ ዓመቱን ሙሉ ሕጋዊ ሆኖ ያለ ዓይን ይኖራል።

ይህን ስጽፍ አልስቅም። እኛ ግቢ ልጆች ቆርኪ የሚጫወቱት የቆመ መኪና ኋላ ነው፣ ጥላ አለዋ። አጎንብሶ ቆርኪ የሚያነሳ ልጅን ስፖኪዮው የተሟላ መኪና እንኳ ላያየው ይችላል፤ ወርዶ ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ያለ ስፖኪዮ ደግሞ በጆሮ የሚነዳ ሰው አለ። «ልጆቹ ድምፅ ሲሰሙ ይነሳሉ» ያለኝ ሹፌር አለ። ባለ ልጅ ነው እሱም! ይህን ሰው ደላላው ብቻ አይደለም ያበላሸው፣ እኛም «ቀላል ናት፣ ቀስ ብለህ ታስገጥማታለህ» ያልነው ጭምር ነን።

እና ስፖኪዮ የመጣው ለምን መሰላችሁ? ረዳትን ለማስቀረት! በግንቦት 1903 ዓ.ም. አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ የመጀመሪያው የ500 ማይል ውድድር ተካሄደ። ከደሴ አዲስ አበባ ደርሶ እንደ መመለስ ያለ መንገድ ነው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አጠገባቸው መካኒክ አስቀምጠው ነበር፤ ከኋላ ማን እንደሚመጣ የሚነግራቸው እሱ ነው። ሬይ ሃሩን የሚባለው ሹፌር ግን መኪናው አንድ ወንበር ብቻ ነበራት። ሌሎቹ «ይሄ ሰው ኋላውን ሳያይ ይጨርሰናል» ብለው አጉረመረሙ። እሱም ከፊቱ መስታወት ገጠመና ከ6 ሰዓት ተኩል በላይ ነድቶ አሸነፈ። ሰዎቹ ረዳቱን አውርደው ስፖኪዮ ሰቀሉ፤ እኛ ስፖኪዮውን አውርደን ሰፈሩን በሙሉ ረዳት አደረግነው። የሃሩን ነገር ግን የሚያስቀኝ ሌላ ነው። ውድድሩ የሚካሄደው በጡብ በተነጠፈ መንገድ ነበር፤ መስታወቷ ከመንቀጥቀጧ የተነሳ ምንም እንዳላየባት ራሱ በኋላ ተናግሯል። ኮብልስቶን ላይ የሚነዳ ያውቀዋል።

ወደ እኛዋ ልመለስ፣ ረሳኋት። ለቀኙ የጎን ስፖኪዮ መለዋወጫ ቤት ገባን። «ኦሪጅናል ነው የዱባይ?» አለ ባለሱቁ። የኦሪጅናሉን ዋጋ ሲነግረን የእህቴ ባል ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ደግነቱ ከኋላው መኪና አልነበረም። አንዱ ጎረምሳ ታዲያ «ፋዘር፣ ለምን ትከስራለህ፣ መስታወት ቤት ሄደህ በልኩ ይቁረጡልህ» አለኝ። ፋዘር! ይህ ምክር አገር ምድሩን የሞላ ነው፣ የሚቆረጠው ግን የግድግዳ መስታወት ነው። የቀኙ ስፖኪዮ መስታወት ወደ ውጭ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፤ ዕቃን ያሳንሳል፣ ሩቅ ያስመስላል፣ ግን ሰፊ ቦታ ያሳያል። የግድግዳው ልሙጥ ነው። ዕቃውን በልኩ ያሳይሃል፣ የሚያሳይህ ግን ጠባብ ቦታ ነው፤ አጠገብህ የደረሰው ባጃጅ እዚያ ውስጥ የለም። ፊት ለማየት ጥሩ ነው። ጢሙን የሚላጭ ሹፌር ሊገዛው ይችላል።

የውስጧን ግን ገዛናት። ጎረምሳው የማስቲሹን ጠባሳ በክንዱ ወልወል አድርጎ ሱፐር ግሉ ጠብ አደረገና «አለቀ!» አለ። እንዲህ አይደለም። አሮጌው ማስቲሽ በምላጭ ይፋቃል፣ መስታወቱ በአልኮል ይጠረጋል፣ ማጣበቂያውም ለስፖኪዮ የተሠራ አለ፣ ተይዞ እስኪደርቅ መታገስ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ፀሐይና ንቅናቄ አይችልም። ነገርኩት። «አብሽር ፋዘር፣ ይይዛል» አለ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ሳንደርስ የእህቴ ባል ጭን ላይ አረፈች። ደግነቱ ጉም አልነበረም።

በሁለተኛው በሥርዓቱ ተለጠፈች። ከሥሯ ያለችውንም ምላስ ለእህቴ ባል አሳየሁት፤ ማታ ከኋላ ያለው ሲኖትራክ ረጅም መብራቱን ሲለቅብህ ምላሷን ትገፋታለህ፣ የመስታወቱ ብር የተቀባው ጀርባ ወደ ጣራው ይዞራል፣ ዓይንህ ላይ የሚቀረው ከፊተኛው ገጽ የሚመለሰው ደብዛዛ ብርሃን ነው። በጣም ወደዳት። ቀን በቀን እየገፋ ይስቃል።

ግን ሰው ዝም ይላል? ስፖኪዮዋ በተለጠፈች ማግስት የአባቱ እህት መቁጠሪያ አምጥታ አንጠለጠለችባት። የእናቱ እህት ደግሞ፣ እሷ ክርስቲያን ናት፣ የእንጨት መስቀል አመጣች። አንዱን አንጠልጥሎ ሌላውን መተው በኛ ቤት አይሞከርም፣ ሁለቱም ተሰቀሉ። ጓደኛው የሎሚ ሽታ ያለው ካርቶን፣ ልጁ ትንሽ የአርሰናል ማልያ ጨመሩ። ባለፈው ጁምዓ ከግቢ ልንወጣ ስንል የእህቴ ባል የኋላ ማርሽ አስገብቶ ቀና አለ፣ በመቁጠሪያውና በማልያው መካከል ለማየት አንገቱን ሰበረ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ እስቲ ውረድና ተመልከትልኝ።»

ወረድኩ፣ ምን አደርጋለሁ። የሱቁ ሰውዬ ግን ቀድሞኝ ቆሟል።