ውርጭ የመታው አበባ ሁሉ አልሞተም

እህቴ፣ «ደብረ ብርሃን ላይ አበባን አንዴ ውርጭ ከመታው አለቀለት፤ ነቅሎ መጣል ነው» ብለሻል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ እኔም አምን ነበር። ግን ልክ አይደለም።

ውርጭ መጀመሪያ የሚያጠቁረው ቅጠሉንና ለጋውን ጫፍ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ ፀሐይ ሲወጣ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ያስደነግጣል። ሥሩ ግን አፈር ውስጥ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ አፈሩ እንደ አውሮፓ ክረምት ወደ ታች ዘልቆ በረዶ አይሆንም።

የጽጌረዳሽን ግንድ በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ካየሽ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ዝቅ ብለሽ ደግመሽ ሞክሪ። ዳሊያ ደግሞ ላዩ ሙሉ በሙሉ ቢጠቁርም፣ ስኳር ድንች የመሰለው ሥሩ ከታች ተኝቶ ይጠብቃል። (በሶብላ ካለሽ ግን አላጽናናሽም፤ እሱ ሄዷል።)

መቀስም ቶሎ አታንሺ። የጠወለገው ቅጠል ለታችኛው ጋቢ ነው። አሁን ከቆረጥሽው ለጋ ያወጣል፤ ያንን ደግሞ የሚቀጥለው ውርጭ ይበላዋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል እንጂ ብርዱ በጥቅምት መቼ ያበቃና! እኔ የካቲት ሳይገባ አልነካም።

እስከዚያው ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ፣ ማታ አሮጌ አንሶላ ጣል አድርጊበት። ጠዋት አንሺው። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን አያስነካሽው፤ የነካው ቦታ ይቃጠላል።