አምባር ያሰረ ቤተሰብ

ድሮ አምባር የሚያስረው ጀግና ነበር። ግዳይ ጥሎ፣ ንጉሥ ፊት ቀርቦ የፎከረ ሰው ክንዱ ላይ ወርቅ ይደረግለት ነበር። አሁን ጊዜው ተሻሽሏል። ክሬዲት ካርድ ያለው ሁሉ አምባር ያስራል። ወርቅ አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው። የእኛው ብርቱካናማ ነበር። ክብሩ ግን ከወርቁ ይበልጣል። በወርቁ አምባር እኮ ጥብስ አይታዘዝም።

የማወራው ኦል ኢንክሉሲቭ ስለሚባለው የቤተሰብ ዕረፍት ነው። በአማርኛ "ሁሉን አቀፍ" ልለው ፈልጌ ነበር። ግን እኛ አገር "ሁሉን አቀፍ" ካሉ ቀጥሎ የሚመጣው "ምክክር" ነው። አንባቢ ስብሰባ መስሎት እንዳይሸሽ ፈራሁ። ስለዚህ ኦል ኢንክሉሲቭ ይሁን። ለሆቴሉ አንዴ ትከፍላለህ፤ አምባሩ ይታሰርልሃል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ በልተህ ጠጥተህ ማንም ሒሳብ አይጠይቅህም።

እዚህ ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች ነገሩን ወደነዋል። ክርስትና ላይ፣ ምርቃት ላይ "ዘንድሮ ልጆቹን የት ልትወስዷቸው ነው?" ሲባል መልሱ ወይ የሜክሲኮው ካንኩን ነው ወይ የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ፑንታ ካና። "ቤት ነን" ያለ ሰው ከሥራ የተባረረ ይመስላቸዋል። እኛም ባለፈው ነሐሴ ካንኩን ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመቱ ልጄ፣ የ7 ዓመቷ ልጄ፣ አንድ ወዳጄ ከነቤተሰቡ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አማቴ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። የአሜሪካ ቪዛ በእጁ ያለ ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ሌላ ቪዛ አይጠየቅም። ይህን ባለቤቴ አንብባ ስትነግረኝ እኔም በጣም ደስ አለኝ።

ለነገሩ ፈጠራው አዲስ አይደለም። ይህን ዓይነቱን ዕረፍት በዓለም ያስለመደው ክለብ ሜድ የሚባል የመዝናኛ ድርጅት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950 የስፔኗ ማዮርካ ደሴት ላይ፣ አልኩዲያ በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ ድንኳን ተክሎ ጀመረ። ድንኳን ጥሎ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ሳይቆጥሩ ማብላት! ይሄማ የኛ ሰርግ ነው። ልዩነቱ አምባሩ ላይ ነው። አምባር ድንኳን ሰባሪን ያስቀራል። እኛ በሦስት ሺህ ዘመን ታሪካችን ያልፈታነውን ችግር ፈረንጅ በአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ገላገለው።

ከሁሉ በፊት መመስገን ያለበት ግን የሒሳብ መጥፋት ነው። የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ምግብ ቤት ገብተን ስንበላ ደህና ነን። ሒሳቡ ሲመጣ ጦርነት ነው። "እኔ ነኝ የምከፍለው!" "በናትህ!" "ሞቼ ነው ቆሜ!" እጅ ይጠመዘዛል፤ አስተናጋጇ ወዲያና ወዲህ ትጎተታለች። አንዱ እጄን ልታጠብ ብሎ ሄዶ ተሰርቆ ይከፍላል። ሌላው አንድ ወር ያኮርፋል። አንድ ሦስተኛ ሰው ደግሞ አለ፤ ልክ ሒሳቡ ሲመጣ የጫማው ክር የሚፈታበት። አብሮን የሄደው ወዳጄ ይህ ሦስተኛው ነው። 15 ዓመት ስንተዋወቅ የቦርሳውን ቀለም አላውቅም።

ካንኩን ላይ ይህ ሰው ተለወጠ። አምባሩን ካሰረባት ደቂቃ ጀምሮ ቸርነት ወረደበት። "ምን ይምጣልህ? በኔ ነው!" ይላል። ልጆቼን አይስክሬም ጋበዘ። ባለቤቴን ጁስ ጋበዘ። ጎናችን የተቀመጡ የማያውቃቸውን ካናዳዊያን ሁለት ዙር ጋበዘ። "አይሆንም፣ ይኼኛው በኔ ነው" ብዬ ልከላከል ሞከርኩ፤ እጄን ጠመዘዘው። በመጨረሻው ማታ ተነሥቼ በይፋ አመሰገንኩት። "አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር?" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ፣ "ኧረ ተው፣ ወንድማማች አይደለን?" አለኝ። ከምሩ ነበር። ቤተሰብን የሚያቀራርብ ነገር ከዚህ በላይ ምን አለ?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ፤ ማለትም ወደ ሆዱ። ኦል ኢንክሉሲቭ ውስጥ ሰው ስለራበው አይበላም። የሚበላው የከፈለውን ለማውጣት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ማለዳ አንድ ኦምሌት ይዤ ስቀመጥ ባለቤቴ ሳህኔን አይታ "ይቺን ለመብላት ነው ይህን ሁሉ የከፈልነው?" አለችኝ። ትክክል ነበረች። ተነሥቼ ሳህኔን ሞላሁ። ከዚያ ወዲያ ቁርስ በሁለት ዙር፣ ምሳ ዋናው ገንዳ ዳር፣ ሁለተኛ ምሳ ባሕሩ ዳር፣ መክሰስ፣ እራት፣ ከዚያ ደግሞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሳንዱች። ሳንዱቹ አላስፈለገኝም። ግን እሱም ተከፍሎበታል።

አንድ ችግር ብቻ ገጠመን። ትኬቱን ስቆርጥ ያየሁት የፈረንጁን ካላንደር ነበር። ለካ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል! እማማ ደግሞ በፍልሰታ ቀልድ አያውቁም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የምሳው ቡፌ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? በዘጠኝ! ቤተ ክርስቲያንና ሆቴሉ ተቀምጠው የተስማሙ ይመስላል። ዘጠኝ ካለፈ በኋላ ያለው የገንዳው ዳር ምግብ ነው፤ እሱ ሁሉ አይብ ለብሷል። ባቄላ አገኘን ብለን ደስ ሲለን አንዱ አስተናጋጅ በቅንነት፣ በአሳማ ስብ የተሠራ መሆኑን ነገረን። እማማ አማተቡና ሳህኑን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት።

ሰባቱን ቀን በምን አለፉት? በአቮካዶ፣ በዳቦና ከሻንጣቸው ባወጡት በርበሬ። ቆሎም ነበራቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በርበሬ ትውልዱ ከሜክሲኮ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ባሕር አቋርጦ፣ ስንት ዘመን ተጉዞ እኛ ዘንድ ደረሰ። እማማ መልሰው ወደ ትውልድ አገሩ ይዘውት መጡ። ቡፌው ላይ ያለው ስልስ ቱሪስት እንዳያቃጥል ተብሎ ጣዕሙን አጥቶ ነበር። ወጥ ቤቶቹ የእማማን በርበሬ በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት አንድ የሜክሲኮ ምግብ ያ ነበር ማለት እችላለሁ።

የእማማ ቁርስ ግን ተከፍሎበት ሊባክን ነው። ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። እኛ ቤት ሰው በሌለበት ጉዳይ የሚፈጸመው እንዴት ነው? በውክልና! ስለዚህ የእማማን ቁርስ በየማለዳው በውክልና በላሁላቸው። አንድ ቀን እንኳን አልቀረሁም። ለአማቱ እንዲህ የደከመ ሰው ይኖር ይሆን?

ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ለእነሱ ነው እኮ የሄድነው። ከ4 እስከ 12 ዓመት ያሉትን የሚቀበል የልጆች ክበብ አለ። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ትሰጣለህ፣ ማታ ትረከባለህ። የ7 ዓመቷ ልጄ ገና በመጀመሪያው ቀን እዚያ ገባች። ሰባተኛው ቀን ላይ ስናወጣት አለቀሰች። ሰባት ቀን ሙሉ አልተቆጣናትም፣ አልጨቀጨቀችንም፣ "ስክሪኑን ዝጊ" አልተባለችም። እንዲህ ያለ ፍቅር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። የ14 ዓመቱ ክበቡ አይመለከተውም። እሱ ዋይፋይ የሚይዝበትን ወንበር አገኘና ሥር ሰደደ። የድንች ጥብስ እያለቀበት ሲመጣ በዓይኑ ምልክት ያሳያል። ሁላችንም አንድ ላይ የተገናኘነው ለፎቶ ነው። ፎቶው ግን ቆንጆ ነው። ሁላችንም ነጭ ለብሰን፣ ከኋላችን ባሕሩ አለ።

ስለ ባሕሩ ከተነሣ እሱንም እናመስግን። ከሩቅ ሲታይ ሰማያዊ ነው። ቀረብ ሲሉት በየበጋው ሳርጋሶ የሚባል ቡናማ የባሕር አረም ዳርቻውን ይሞላዋል። በፈረንጆቹ ከ2011 ወዲህ በካሪቢያን አካባቢ እንዲህ በገፍ መምጣት ጀምሯል። ሲበሰብስ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ማለዳ ማለዳ ትራክተር እየመጣ ይጠርገዋል፤ ምሽት ላይ ይመለሳል። እኛ ምን ቸገረን? ከባሕሩ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ገንዳ ተሠርቶልናል። ባሕር አቋርጠን ሄደን ባሕር ዳር ገንዳ ውስጥ ዋኘን።

ገንዳው ውስጥ የሚዋኘው ግን ወንበር ያለው ነው። ወንበር የሚያዘው በፎጣ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተህ ፎጣህን ካልዘረጋህ ቀኑን ሙሉ ቆመህ ትውላለህ። እዚህ ላይ የሐበሻን ብቃት አየሁ። ሰርግ ላይ ሁለት ሰዓት የሚያረፍደው ወዳጄ ገና ሳይነጋ አሥር ፎጣ ይዞ ገንዳው ዳር ይገኛል። የት ተማርክ ስለው፣ "ቦኖ ውኃ ጀሪካን ደርድሬ ያደግሁ ልጅ ነኝ" አለኝ። በፎጣ ወንበር በመያዝ የሚታሙት ጀርመኖች በአክብሮት ይመለከቱት ነበር።

ሜክሲኮስ? አሃ፣ እሷን ረስቻት ነበር። ካንኩን ራሷ የተሠራችው ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1970 የሜክሲኮ መንግሥት ግንባታውን ሲጀምር ደሴቷ ላይ የኮኮናት እርሻ የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን የሆቴሎቹ ሰፈር በ7 ቁጥር ቅርጽ ተሰልፏል። ከኤርፖርት የወሰደን ሚኒባስ በቀጥታ ግቢው ውስጥ አወረደን። መግቢያው ላይ ለጌጥ የተተከለ ቁልቋል ነበር። እማማ አይተውት "በለስ! አቁሙልኝ!" አሉ። ሚኒባሱ አልቆመም። በሩ ተዘጋ፤ አገሩም ተዘጋ።

ለጉብኝት የማያ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ ቺቺን ኢትዛ ነበረ። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኩኩልካን ፒራሚድ ደረጃዎቹ ከላይኛዋ ጋር ሲቆጠሩ 365 ናቸው፤ የዓመቱን ቀናት ያህል። ግን ለመሄድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ማለትም ሁለት ምሳ ይቀራል። ደግነቱ ሐሙስ ማታ የጣፋጭ ጠረጴዛው ላይ ፒራሚዱን በቸኮሌት ሠርተው አቀረቡልን። እኔ የምሥራቁን ደረጃ በላሁ። ከዚህ በላይ ታሪክን መቅረብ አይቻልም።

አንድ ማታ አንዱ አስተናጋጅ ከየት እንደመጣን ጠየቀን። "ከኢትዮጵያ" አልኩት፤ ሜሪላንድ ማለት አልሆነልኝም። ፊቱ በራ። "ኢትዮጵያ? የሜትሮው ጣቢያ?" አለኝ። ለካ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ። ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እኔም በተራዬ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ እንዳለ ነገርኩት። ጣሊያን ሲወርረን ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ለእኛ መቆሟን፣ ወረራውንም አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ መሆኗን፣ ጃንሆይም በፈረንጆቹ 1954 ሜክሲኮን መጎብኘታቸውን አወራሁት። ደስ አለው። እነሱ ኢትዮጵያ ብለው ባቡር ይሳፈራሉ፤ እኛ ሜክሲኮ ብለን ታክሲ እንቀይራለን።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። "አባዬ፣ እንሂድና ጣቢያውን እንየው!" አለኝ። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሚፈጅ ነገርኩት። "ይሁና" አለ።

"እዚያ አምባራችን አይሠራም" አልኩት። ገባው። ስልኩን መልሶ አነሣ።

በባለቤቴ ጉዳይ ግን አልቀልድም። ሰባት ቀን ሽንኩርት አልከተፈችም። ሰባት ቀን "ዛሬ ምን እንሥራ?" አላለችም። አራተኛው ቀን ላይ ገንዳው ዳር ተኝታ አየኋት፤ መጽሐፉ ደረቷ ላይ ተከፍቶ ቀርቷል። እንዲህ ስትተኛ ያየኋት ከመጋባታችን በፊት ይመስለኛል። ለዚያ ዕንቅልፍ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ድስት መጣድ እንደማልችል ሁሉም ያውቃል፤ አለመቻሌን ለማረጋገጥም ብዙ ዓመት ለፍቻለሁ።

ተመለስን። አምባሬን አልቆረጥኩትም። ሥራ ቦታም፣ ቤተ ክርስቲያንም በእጄ ነው። ቅዳሜ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ከዚያው ወዳጄ ጋር ክትፎ በላን፤ ፍልሰታ ተፈቷል። ሒሳቡ መጣ። የወዳጄ የጫማ ክር ተፈታ። እኔ እጄን አንሥቼ አምባሩን ለአስተናጋጇ አሳየኋት። ልጅቷ ትንሽ አየችኝና፣ "ጋሼ፣ ሆስፒታል ነበሩ እንዴ? እግዜር ይማርዎት" አለችኝ።

ማታ እማማ አዲስ አበባ ላሉት እህታቸው ደወሉ። ድምፁ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

"የት ጠፋሽ ሳምንቱን ሙሉ?"

"ሜክሲኮ ነበርኩ።"

"ሜክሲኮ? ከዚያ ወዴት ልትሄጂ?"

እማማ ትንሽ አሰቡ።

"የትም። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰው ሲበላ ሳይ ከረምኩ።"

"ውይ በሞትኩት! ሳምንቱን ሙሉ?"

"ምን ላድርግ እቴ፣ ታክሲው አልቆም አለኝ።"