ይድረስ ለክቡር አቶ ሎንግ፦ መልሴን ይመልሱልኝ

ቁጥር፦ 0 (0.62 ነበር፤ በእርስዎ በኩል ሲያልፍ ነው እንዲህ የሆነው)
ጉዳዩ፦ ከነጥብ በኋላ የቀረብኝን ስለመጠየቅ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሎንግ፤ ካሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። እኔ ግን የተዋወቅንበትን ሰዓት አልረሳም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። ጋቢ ተከናንቤ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሌላው ስክሪን አያለሁ። (ሰርቨሩ ግን ገና 23 ሰዓት ነው ይላል። እሱ የሚኖረው በሌላ አገር ሰዓት ነው።) በዚህ ሰዓት የተዋወቁት ሰው እድሜ ልክ አይረሳም።

ለማያውቅዎ ላስተዋውቅዎ። እርስዎ የቁጥር ዓይነት ነዎት። ኮምፒውተር ቁጥርን ዝም ብሎ አያስቀምጥም፤ ታይፕ የሚባል ሳጥን ይፈልግለታል። ነጥብ ያለው ቁጥር ወደ ደብል ይሄዳል። ሙሉ ቁጥር ወደ እርስዎ። ሰፊ ነዎት፣ ይህን አልክድም። 64 ቢት። እስከ 9,223,372,036,854,775,807 ድረስ ይቆጥራሉ። እኔ ይህን ቁጥር ማንበብ እንኳ አልችልም። እርስዎ ደግሞ ይህን ሁሉ ችለው ግማሽ አይችሉም።

ታክሲ ውስጥ «መልስ!» ሲሉት መስኮት መስኮቱን እያየ «ቦሌ! ቦሌ!» የሚል ረዳት አለ። እርስዎ እሱን ነዎት። እንዲያውም እሱ ይሻላል። አጥብቀው ከያዙት ቢያንስ «ዝርዝር የለኝም» ይላል። እርስዎ ግን 62 ሳንቲሜን ኪስዎ ከተው፣ «ከመጀመሪያውም የሰጡኝ ዜሮ ነው» ብለው ደረሰኝ ይቆርጡልኛል።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር።

እኛ ትንሽ ቡድን ነን። ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ የሚሠራ አገልግሎት አለን። ጤንነቱን ለመከታተል፣ የክላውዱን ሜትሪክ (የልኬት ቁጥሮቹን) እየጎተተ ወደ ራሳችን ቋት፣ ማለት ዳታቤዝ፣ የሚጨምር ማገናኛ ሠራን። (ቋት ሲባል የ«አይነጋ መስሏት» ተረት ይመጣብኛል። አልጨርሰውም፤ ደብዳቤው ለክቡር ሰው ነው። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ እኛም ያደረግነው ያንኑ ነው።)

እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ማንም የማይወደው አንድ ፋይል አለ። የእያንዳንዱ ፊልድ (ቁጥሩ የሚገባበት ቦታ) ስም፣ ታይፑ፣ መለኪያው፣ ቆጣሪ ይሁን አይሁን የሚጻፍበት ያምል ፋይል። አንዱ ልጅ ኮዱን ጻፈ። አንዷ ዳሽቦርዱን፣ ግራፎቹ የሚታዩበትን ገጽ፣ ሠራች፤ አረንጓዴውን ስትመርጥ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ያምሉ የኔ ድርሻ ነበር። «ነገ» አልኩ።

ታይፑን ካልነገሩት ቋቱ ራሱ ይገምታል። የሚገምተውም መጀመሪያ በመጣው ቁጥር ነው። የኛ የመጀመሪያ ቁጥር የስህተት ምጣኔ ነበር፦ ከመጡት ጥያቄዎች ስንቱ ወደቀ የሚለው፣ ከ0 እስከ 1 ባለው። አገልግሎቱ ገና ትናንት የተከፈተ ነው። ደንበኛ የለም፤ ደንበኛ ከሌለ ስህተትም የለም። ዋጋው 0.0።

እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ይስጡኝ፤ የነገሩ ሁሉ ጉድ እዚህ ነው። ማገናኛችን የተጻፈው በጎ ቋንቋ ነው። ጎ ደግሞ 0.0ን ጄሶን ወደሚባለው የመረጃ መላኪያ ጽሑፍ ሲያዞር 0 ብሎ ብቻ ይጽፋል። ጃቫስክሪፕትም ያው ነው። ፓይተን ቢሆን 0.0 ብሎ ነጥቧን ይዟት ይሄድ ነበር፣ እኔም ያን ሌሊት እተኛ ነበር። ቋቱ 0ን አየ። «አሃ፣ ሙሉ ቁጥር!» አለ። ወንበሩን አቧራ ጠርጎ ለእርስዎ ሰጠ።

እርስዎ ደግሞ አንዴ ከተቀመጡ አይነሱም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በእርስዎ ፊት ማለፍ ነበረበት። 0.03 መጣ፤ 0 አሉት። 0.4 መጣ፤ 0። ሂሳቡን ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት፦ እርስዎ ዘንድ «ስህተት» ለመባል መቶ በመቶ መውደቅ ያስፈልጋል። ከመቶ ደንበኛ 99ኙ ቢያለቅስ 0 ነው። መቶኛው ሲጨመር 1 ይሆናል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ቅዱሳን ላይ እንጂ ሰርቨር ላይ አይቼ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ተማምኜ አለርት አስሬያለሁ። ከመቶ አምስቱ ከወደቀ ስልኬ ይጩህ ብዬ። 0.05 ማለት ነው። እርስዎ ወንበሩ ላይ እስካሉ ድረስ ስልኬ ሰላም ተኝቷል።

የጮኸው ሌላ ስልክ ነው። ደንበኛ የምታነጋግረው ባልደረባችን ደወለች። «ሰዎች አልሠራ አለን እያሉ ነው» አለች። ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። አረንጓዴ። መስመሩ ከታች እንደ አስፋልት ተነጥፏል። «ኔትወርካቸው ይሆናል» አልኳት። አዎ፣ ብያለሁ። እኔ ራሴ ሌላ ቦታ ሲሉኝ የምናደድበትን ቃል፣ በዚህ አፌ። ሁለተኛ ደወለች። «ዋይፋያቸውን ያጥፉና ያብሩ» አልኩ። ሦስተኛ ስትደውል ድምጿ ተቀይሮ ነበር፤ ተነስቼ ጥሬውን መዝገብ ከፈትኩ።

0.62 ይላል።

ከላይ ግራፉ 0፣ ከታች መዝገቡ 0.62። አንድ ስክሪን ላይ፣ አንዱ ካንዱ አራት ጣት ርቀት። እንቅልፍ ያለበት ዓይን ምን ይላል? ነጥቧ የዝንብ ምልክት መሰለችኝ። በጋቢዬ ጫፍ ጠረግኳት። አልጠፋችም።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ተንኮልዎን አደነቅኩ። መጀመሪያ የተላከውን ጽሑፍ አይነኩትም። እንደመጣ ይቀመጣል። የሚቆርጡት ለፍለጋና ለሂሳብ የሚወጣውን ነው። ስለዚህ መዝገቡን የሚያይ ሰው እውነቱን ያያል፤ ግራፉን የሚያይ ዜሮ ያያል። ሁለቱም ምሎ ይከራከራል፣ ሁለቱም ልክ ነው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ኢላስቲክሰርች በሚባለው ቋት መመሪያ ላይ ኮኧርስ (አስገድዶ መለወጥ) በሚባል ቃል በግልጽ ተጽፏል፣ ካልከለከሉት በስተቀር ክፍት ነው። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ኢንፍለክስዲቢ የሚባለው ቋት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ፊልዱ ከለመደው ታይፕ ውጪ ሲመጣበት «አልቀበልም፣ ተጋጨ» ብሎ ፊት ለፊት ይመልሳል። ባለጌ ነው ይሉታል አንዳንዶች። እኔ ዘንድሮ ባለጌ ናፍቆኛል።

ለነገሩ ዘርዎ ነው። የ16 ቢቱ ታናሽ ዘመድዎ እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ፈረንሳይ ጊያና ውስጥ ኩሩ ላይ ምን እንደሠራ ሰምተናል። አሪያን 5 የተባለው ሮኬት የመጀመሪያ በረራው ነው። ሶፍትዌሩ በከፊል ከአሪያን 4 የተወረሰ ነው። ነጥብ ያለውን ባለ 64 ቢት ቁጥር አምጥተው ከ32,767 በላይ ለማይቆጥረው ዘመድዎ አሸከሙት። አዲሱ ሮኬት ከአሮጌው ይፈጥናል፤ ቁጥሩ አልበቃ አለ። 40 ሰከንድ ገደማ በረረና ሰማይ ላይ ተበተነ። ሰው አልነበረበትም፣ ተመስገን። ያኔ ግን ቢያንስ ፈነዳ። ሁሉም ሰው አየ። የእርስዎ ሮኬት ተበትኖም ዳሽቦርዱ ላይ መብረሩን ይቀጥላል።

ስለ ቤተሰብ ከተነሳ ቆጣሪንም ሳላነሳ አላልፍም። እናቴ እንኳ የምታውቀው ነገር ነው። መብራት ቆጣሪ ላይ ያለው ቁጥር የወሩ ፍጆታ አይደለም፤ ከዛሬው ያለፈው ወር ይቀነሳል። የሰርቨር ቆጣሪም ያው ነው፤ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል፣ የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። ጌጅ የሚሉት ደግሞ የመኪና ነዳጅ ጠቋሚ ነው፤ ይወጣል ይወርዳል፣ እንዳየኸው ነው። ያምሉ ላይ አንዱን ባንዱ ቦታ ብትጽፍ ማንም አይቆጣህም። እኛ የጥያቄዎችን ቆጣሪ ጌጅ ብለን አስገባነው። መስመሩ እንደ እንጦጦ ዳገት ወጣ፣ ወጣ። ኃላፊዬ ለሁለት ሳምንት «ጥሩ እድገት ነው» ሲሉ ከረሙ። ሰርቨሩን አጥፍተን ስናበራው ቆጣሪው ከዜሮ ጀመረ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

ቆጣሪው ጠባብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የኔትወርክ ዕቃዎች የሚጠቀሙበት የድሮው ባለ 32 ቢት የባይት ቆጣሪ፣ 1 ጊጋቢት መስመር ሞልቶ ሲፈስ በ34 ሰከንድ ይሞላና ከዜሮ ይጀምራል። በየደቂቃው የሚያነብ ሰው በመሃል ስንት ጊዜ እንደዞረ በምን ያውቃል? ለዚህ ሥራ ባለ 64 ቢት ነበር የሚያስፈልገው። አዎ፣ እዚህ ላይ ሰፊ ሰው ይፈለጋል፣ እዚህ ላይ ይምጡ። ቦታዎ ይህ ነበር።

መለኪያውን በአጭሩ ልለፈው፣ ደም ግፊቴን ያነሳዋል። ክላውድዋች በሚባለው የአማዞን ክላውድ መከታተያ ላይ፣ ላምዳ የሚሉት ኮድ ማስኬጃ የሚፈጀው ቆይታ በሚሊሰከንድ ነው የሚመጣው። ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው የአፕሊኬሽን ሎድ ባላንሰር የምላሽ ጊዜ ግን በሰከንድ። አንድ ግራፍ ላይ አስቀመጥናቸው። አንዱ 800፣ አንዱ 3። አንድ ሳምንት ሙሉ 800ውን ስናክም ከረምን። በሽተኛው 3ቱ ነበር።

አንድ ሌላም አለ። የክላውድ አካውንት መለያ 12 አሃዝ ነው። አሃዝ ስለሆነ እርስዎ ዘንድ ተላከ። ከፊቱ ዜሮ ያለውን አካውንት ተቀብለው ዜሮውን በሉት፣ 11 አሃዝ አድርገው መለሱት። እንግዲህ ከነጥብ በኋላ ያለውን ይበላሉ፣ ከፊት ያለውን ዜሮም ይበላሉ። መሃሉን ብቻ ነው የሚተዉልን። ዳሽቦርዱ ደግሞ የአካውንቶቹን አማካይ አወጣልን። የስልክ ቁጥር አማካይ እንደማውጣት ነው። መሃል ላይ ያለው ሰው ማን ይሆን ብለን ልንደውልለት ምንም አልቀረን።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። «ይነሱና ደብል ይቀመጥ» ብዬ አዘዝኩ። አይሆንም ተባልኩ። የተያዘ ፊልድ ባለበት ታይፑ አይቀየርም። አዲስ ኢንዴክስ (የቋቱ አዲስ ክፍል) መክፈት፣ ቴምፕሌቱ (ንድፉ) ላይ ደብል ብሎ መጻፍ፣ አዲሱን መረጃ ወደዚያ ማዞር፣ አሮጌውን ደግሞ ከጥሬው መዝገብ አንድ በአንድ መገልበጥ። አንድ ሰው ከወንበር አልነሳም ቢል ሌላ ቤት ሠርተን እንግዶቹን ሁሉ ወደዚያ እንደማጓዝ ነው። ያምሉ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። ለዚያች መስመር ወፍ እስኪንጫጫ ተቀመጥኩ። ጥሬው ባይነካ ኖሮ የሁለት ሳምንት መረጃችን አፈር በልቶ ነበር፤ ለዚህ ብቻ አመሰግንዎታለሁ፣ ሳይወዱ ነው ያተረፉልኝ።

ጠዋት ስብሰባ ላይ ምን ብባል ጥሩ ነው? ግራፉ አሁን እውነቱን እያሳየ ነው። ያለፈው ሳምንት ሁሉ ቀይ በቀይ ሆኗል። ኃላፊዬ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ከመንካትህ በፊት እኮ አረንጓዴ ነበር» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፍልዎ ለቂም አይደለም። የሰው ብዛት፣ የባይት ብዛት፣ የጥያቄ ብዛት ሲመጣ ይግቡ፣ ቤትዎ ነው። አማካይ፣ ምጣኔና ፐርሰንት ሲመጣ ግን እባክዎ በሩ ላይ «እኔ አይደለሁም» ይበሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ይጩሁ። 62 ሳንቲሜንም በመጀመሪያ ለሚያገኙት ደብል ቢሰጡት ይደርሰኛል።

ከሰላምታ ጋር፣
ተረኛው

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ደብል፦ ወንበሩ ተለቅቋል፣ ቀደም ብለው ይምጡ
ለአቶ ቆጣሪ፦ ሰርቨሩ ሲነሳ ተጠንቅቀው ያሳውቁን
ለኃላፊዬ፦ ባለፈው የጠየቅኩት የደመወዝ ጭማሪ 0.15 ነው። እባክዎ የሚመዘገብበትን ፊልድ አስቀድመው ይዩልኝ