ጉልበቴን ያሳመመኝ ኮርቻው ነበር

በካሜራ እንቅስቃሴን ቀርጾ ሳይክልን በልክ ስለማስተካከል የጻፋችሁትን በጣም ወድጄ አነበብኩት። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ችግሩ ቶሎ አይታወቅም። እሁድ እሁድ ወደ ሻሸመኔ ዳገቱን ስወጣ ግን ጉልበቴን ከፊት በኩል ይወጋኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የዕድሜ ነገር መስሎኝ ቻልኩት።

ለካ ኮርቻዬ ዝቅ ብሎ ነው። ኮርቻ ሲያጥር ጉልበት ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ጫናው ከፊት ያርፋል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ የጉልበት እጥፋት ሳይንቀሳቀሱ ሲለካ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ይመከራል። ሲነዱ ግን ዳሌ ይንሸራተታል፣ ተረከዝ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቁጥሩም ይለወጣል። ካሜራው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበትና ዳሌ ላይ በተለጠፉት ምልክቶች እየነዱ ይለካል።

መሣሪያውን ያላገኘ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያድርግ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ ቀጥ ካለ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ ከጎን በስልክ ያስቀርጽ። እኔን የወንድሜ ልጅ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቀረጸኝ፣ ኮርቻውንም 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው። ባለፈው እሁድ ሻሸመኔ ደርሼ ስመለስ ጉልበቴ ዝም አለ።