ማስተካከያ፦ የተመረጠ ሰው አይነሳም የሚባለው ልክ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በቴሌግራም የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። «የፓርላማ አባል አንዴ ከተመረጠ አምስት ዓመት ሙሉ የሚነካው የለም» ይላል። ፒያሳ ቡና ላይ ሳይቀር ሰው እየተቀባበለው ነው።

አምስት ዓመቱ ትክክል ነው፤ የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ነው። የቀረው ስህተት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። አፈጻጸሙን ለዝርዝር ሕግ ይተዋል። አንቀጽ 54ም ይህንኑ ይደግማል።

ግራ ያጋባው ያለመከሰስ መብት ይመስለኛል። አባሉ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም። ይሄ ተወካዩን ከፖሊስና ከባለሥልጣን ጫና ይጠብቀዋል እንጂ ከመራጩ አይከልለውም። ሁለቱን መቀላቀል ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ጽሑፉ «ተወካዩ የከተማችን ብቻ ነው» ማለቱም አይሆንም። በአንቀጽ 54 መሠረት የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው። የመጀመሪያውን መልእክት ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አጋሩ።