ለማጣሪያ ደንብ አውጪዎች የቀረበ ውዳሴ

ከአያት ባሻገር ባለው የጋራ መኖሪያ ሰፈራችን ውኃ ከጠፋ በ9ኛው ቀን፣ ለኮሚቴው 3 ጊዜ የላክሁት ኢሜይል የት እንደገባ ብጠይቅ «አልደረሰኝም» ተባልሁ። ይህን መልስ አንባቢዎቼም ጠግባችሁታልና በቀጥታ ወደ ምስጋናው እገባለሁ።

በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ የኮምፒውተር ሻጭ 400 ለሚሆኑ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ ከላከ ወዲህ፣ ዓለም በአይፈለጌ መልእክት ላይ ማጣሪያ፣ ማለትም ኢሜይልን በተሰጠው ደንብ እየለየ የሚጥል ፕሮግራም፣ ሲሠራ ኖሯል። ማጣሪያው ለአቤት ባይም እንደሚሆን የደረሱበት ግን የእኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።

ደንቡን የጫነላቸው የወንድማቸው ልጅ እንዳጫወተን፣ መጀመሪያ «በርዕሱ ላይ ‹ውሃ› የሚል ካለ ሳይከፈት ወደ ቅርጫት ይግባ» አሉ። ማሽን ፊደል እንጂ ትርጉም አያውቅምና፣ በ«ኃ» ካልሆነ የማይጽፉት የጡረተኛው መምህራችን አቤቱታ ሰተት ብሎ ገባ። ለ«ውኃ» ሁለተኛ ደንብ ወጣ። በማግስቱ «ውሀ» መጣ፤ ቀጥሎ «ዉሃ»፣ «ዉኃ»፣ «ዉሀ»። ሊቃውንቱ ሲከራከሩበት የኖሩትን የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ እኚህ ሰው በ6 ደንብ እኩል ፈረዱበት፤ ሁሉም ቅርጫት ገባ። አንዷ ጎረቤታችን «ስለ ጀሪካን» ብላ ብትጽፍ 7ኛው ደንብ ተወለደ። ጂሜይል ቅርጫት የገባውን በ30 ቀን ስለሚደመስሰው፣ አቤቱታችን ለ40 ተዝካሩ እንኳ አይበቃም። በመጨረሻ «ውሃ ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ይለቀቃል» የሚል ማስታወቂያ ለኮሚቴው ቢላክ፣ እሱንም 1ኛው ደንብ በታማኝነት ዋጠው፤ ሰብሳቢውም እንደኛው ባዶ በርሜላቸውን ታቅፈው አደሩ።

በማግስቱ አንዲት ነፍሰ ጡር 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ እያረፈች እስከ 4ኛ ፎቅ ስትወጣ አየሁ። «አልደረሰኝም» ውሸት ነው። ደርሷል፤ የጣላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሸክሙንም በእሷ ጀርባ ላይ የጫናችሁት እናንተው ናችሁ።

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ደንቡ የሚመለከተው ርዕሱን ብቻ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ያንኑ የውኃ አቤቱታ ቃል ሳልለውጥ አባሪ አድርጌ፣ «የኮሚቴ አባላት አበል ጭማሪ» በሚል ርዕስ ትናንት ላክሁት። በ4 ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፦ «በሚገባ ደርሶኛል። አባሪው ግን አልከፈት ስላለኝ በአስቸኳይ ይድገሙልኝ።»