ይድረስ ለውድ «ሲስተር»፦ ወተቴ አልደረቀም

ይድረስ ለክብርት «ሲስተር»፣ ካሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ቢሆን ብዙ አያስቸግረኝም። ጠዋት ስልኬን ስከፍት እርስዎ፣ ማታ ልዘጋ ስል እርስዎ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ እንዲህ አትደውልልኝም።

የዛሬው ደብዳቤ የምስጋና ነው። ሐሙስ ሽንኩርት ልገዛ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ነበር። ሻጯ ሚዛኑን አቁማ ትክ ብላ አየችኝና «እህቴ፣ ወተትሽ ደረቀ አሉ፤ አይዞሽ፣ አብሽ ቀቅለሽ ጠጪ» አለችኝ። ማን አለ ብላት ስልኳን አወጣች። የሕፃን ዱቄት ወተት ማስታወቂያ ላይ እኔ ነኝ! ፊቴ እንዳበጠ፣ ሻሼ እንደተንሻፈፈ፣ እጄን አውጥቼ ቆሜያለሁ። ከሥሩ ምን ተጽፏል? «የጅማዋ እናት፦ ወተቴ አልበቃ ብሎኝ እጨነቅ ነበር፤ አሁን ልጄም እኔም ሌሊቱን ሙሉ እንተኛለን።»

ሲስተር፣ እኛ ሌሊቱን አንተኛም። ባሌ ይተኛል።

ፎቶው የት እንደተነሳ እርስዎም እኔም እናውቃለን። የቴሌግራሙ የእናቶች ግሩፕ ውስጥ አንድ ሌሊት «ልጄ በየሰዓቱ ይጠባል፣ ጤና ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ ተኝቷል፣ እርስዎ ግን በውስጥ መስመር ከች አሉ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ምናልባት ወተትሽ አልበቃው ይሆናል።» ከዚያ ፎርም። የልጁ የልደት ቀን፣ ክብደት፣ ሰፈር፣ የባል ስልክ። (የባል ስልክ ለጡት ምን ያደርጋል?) ከዚያ ደግሞ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ አዳራሽ «ነፃ የእናቶች ሻይ» ተጠራን። ባነሩ ላይ የኩባንያ ስም የሚባል የለም። አበባ አለ፣ የወፈረ ሕፃን አለ፣ «እናትነት ፍቅር ነው» የሚል አለ።

ኬኩ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

ኬኩ ሲያልቅ ማይክ ያዙና «ወተቴ ላይበቃ ይችላል ብላ የምትሰጋ እናት እጇን ታውጣ» አሉ። የማትሰጋ አራስ የት አለች? አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ስለነበርኩ «አንቺ ተነሺ» ተባልኩ። ልክ ስቆም ከኋላ የአንዷ ልጅ አለቀሰ፣ የኔ ጡት ደግሞ የማንም ልጅ ሲያለቅስ አይችልም፣ ሸሚዜ ከላይ እስከ ታች ራሰ። እርስዎ በማይክ ወተት እንዳጠረኝ ለሕዝብ ሲያስረዱ ወተቱ እምብርቴ ደርሷል! ፎቶ አንሺውም ያኔ ነው ያነሳኝ። ግሩፑ ላይ የወጣው ፎቶ ግን አንገቴ ላይ ተቆርጧል። ማስረጃው ከታች ቀርቷል።

አማቴ ከአጋሮ ደወሉ። «ልጄ፣ ያ ሁሉ ገንፎ፣ ያ ሁሉ ቅቤ የት ገባ?» ምን ብዬ ልመልስ?

ቀደም ያሉትን ቅሬታዎቼን በአጭሩ ልለፋቸው። የክትባት ወረፋ ላይ ደብተር ይዞ «ለስጦታ ነው» እያለ ስልካችንን የመዘገበው ልጅ፦ ስጦታውን እስካሁን እየጠበቅን ነው። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዱቄት ወተት ጣሳ ሥዕል ያለበት ካላንደር፦ ቀኑን እንኳ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ያም ሆኖ ነርስ እንደሆኑ አምኜዎት ነበር። ልጁን እንዴት አድርጌ ጡት ላስይዘው ብዬ ስጠይቅዎት መልእክቴን እንዳነበቡት የሚያሳይ ሁለት ምልክት ብቻ አየሁ። የጣሳው ዋጋ ስንት ነው ስል ግን ዓይኔን ሳልከድን መልሱ መጣ፣ ከነማድረሻው። በኋላ «የጅማ ሽያጭ በዚህ ወር ደከም ብሏል፣ እናበርታ» የሚል ነገር ግሩፑ ላይ ለቀው ወዲያው አጠፉት። ቶሎ ነው ያጠፉት፣ ግን አራስ ስልኳን አትለቅም።

አሁን አንቱታው ትንሽ ይቆየኝ።

አንቺ ሴትዮ፣ አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ ጤና መሆኑን ጤና ጣቢያ ያለችው እውነተኛዋ ነርስ በአንድ ደቂቃ ነገረችኝ። ሽንቱን ደህና ከሸና፣ ክብደቱ ከጨመረ፣ ይበቃዋል። ልጁ በጠባ ቁጥር ጡት ያመርታል፤ በጡጦ ከጠገበ ጡቱን ይተዋል፣ ወተቱም ይቀንሳል። ይህን አሳምረሽ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ «ወተትሽ አይበቃም» አልሽኝ። ጣሳውን ብጀምርልሽ ኖሮ በወሩ እውነትሽን ይሆን ነበር። ከዚያ የባሌን ደሞዝ ግማሽ ለጣሳ፣ ሲያልቅብን ደግሞ እያቀጠንን በውሃ። በየትኛው ውሃ? ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ውሃው ፈልቶ፣ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ተበጥብጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ጡጦው ተቀቅሎ ነው የሚሰጠው። እኛ ሰፈር ውሃ እሱ ሲፈልግ ነው የሚመጣው፣ መብራትም እንደዚያው። ይህን በማይክ ለምን አልተናገርሽም? በሌሊት፣ ብቻዬን፣ ፈርቼ የጠየቅኩትን ጥያቄ ነው የሸጥሽው።

ጣሳው ላይ ቂም የለኝም። እናቱ የሞተችበት አለ፣ ሐኪም ያዘዘላት አለች፣ ወድዳ የመረጠች አለች፤ ይግዙ፣ ልጆቻቸው ይደጉ። ሻጭ ከሆንሽ ግን ሻጭ ነኝ በይ።

ይቅርታ ሲስተር፣ ወደ አንቱታው ተመልሻለሁ። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ክልክል መሆኑን ነግረውዎታል? የዓለም ጤና ጉባኤ ግንቦት 1973 ዓ.ም. ላይ ደንብ አጽድቋል፤ 118 አገሮች ሲደግፉ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። የጡት ወተት ምትክን ለሕዝብ ማስተዋወቅ፣ ለእናት ነፃ ናሙና መስጠት፣ የሻጭ ሠራተኛ እናቶችን በቀጥታም በተዘዋዋሪም መቅረቡ፣ የሕፃን ሥዕል ጣሳ ላይ መለጠፉ ሁሉ አይሆንም ይላል። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። የእርስዎ አለቆች ግን ማንበብ ይችሉ ነበር። አሁን በስልክ ስለመጡ አዲስ ነገር የፈጠሩ ይመስላቸው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የዱቄት ወተት ብራንዶች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በቀን ወደ 90 ጊዜ ይለጥፋሉ፣ 229 ሚሊዮን ተጠቃሚ ጋ ይደርሳሉ ይላል። አፑን፣ የሕፃን ክለቡን፣ ተከፍሎት የሚመክረውን ታዋቂ ሰው፣ የምክር ግሩፑን አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። ያኔ 55 ቢሊዮን ዶላር በተባለ ገበያ ውስጥ የኔ ሻሽ ስንት ያወጣ ይሆን? ቢያንስ የሽንኩርቴን ይክፈሉኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ፎቶዬን ያውርዱ። ቃሌን ያርሙ፤ «የጅማዋ እናት ምንም አላለችም፣ ኬክ ብቻ በላች» ብለው ይጻፉ። የባሌን ስልክ ያጥፉ፤ እሱ ልጁ መቼ እንደሚጠባ እንኳን አያውቅም፣ እርስዎ ግን «ለልጅዎ ጥሩ አባት ይሁኑ» እያሉ እኩለ ቀን ላይ ያስደነግጡታል። «ከስድስት ወር በኋላ የሚጀመር» ያሉትን፣ ቀለሙም ሥዕሉም ከመጀመሪያው ጣሳ ጋር አንድ የሆነውን፣ አይላኩልኝ።

በነገራችን ላይ ጎረቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ትናንት «የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ» ብለው እንደደወሉላት ነገረችኝ። ስልኳን ከየት እንዳመጡት ራሷ መጥታ ትጠይቅዎታለች፤ እሷ ደግሞ እንደኔ በአንቱታ አትጀምርም።